መተው፣ ማረፍ፣ መቀነስ ወይስ ማጥራት? ሶሻል ሚዲያ ላደከመው የወሎ ሰው

«ሶሻል ሚዲያ ጭንቅላቴን እየበጠበጠው ነው» ያለ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፤ «ታዲያ ለምን አታጠፋውም?» ይባላል። ደሴ ዶርም ውስጥ ሆኖ ለፈተና ለሚያጠና ልጅ ይህ ምክር ሊሠራ ይችላል። ልጃቸው ጅዳ ለምትሠራ የሐይቅ እናት ግን አይሠራም። የልጃቸውን ፊት የሚያዩት በኢሞ ነው። ኮምቦልቻ ላይ በቴሌግራም ቻናል ልብስ ለምትሸጥ ወጣትም አይሠራም። እንጀራዋ እዚያው ስልኩ ውስጥ ነው።

ደግነቱ በመተውና በመቀጠል መሀል ሌላም መንገድ አለ። ጨርሶ መተው አለ። ለተወሰነ ጊዜ ማረፍ አለ። ሰዓት መቀነስ አለ። ሰዓቱን ሳይነኩ የሚታየውን ነገር ማጥራትም አለ። አራቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ የትኛው ለማን እንደሚሆን የማምነውን ልናገር።

መጀመሪያ የሚያመውን መለየት

ሁሉም «ሱስ ሆነብኝ» ይላል። ቀረብ ብላችሁ ስትጠይቁት ግን የሁሉም ሕመም ለየቅል ነው።

አንዱን የሚጎዳው ሰዓቱ ነው። ለአምስት ደቂቃ ብሎ ይከፍታል፤ ቀና ሲል መሽቷል። ሌላዋን የሚጎዳት ራሷን ከሰው ማወዳደሯ ነው። አብራት የተማረችው ልጅ ዱባይ ሆና፣ ወርቅ አድርጋ ስትታይ የራሷ ኑሮ ባዶ ይሆንባታል። ሦስተኛው በክፉ ወሬ ነው የሚታመመው። የጦርነትና የሞት ቪዲዮ ሲያይ ውሎ ማታ እንቅልፍ ይነሳዋል። አራተኛው ኮሜንት ላይ ይጣላል። በብሔርና በሃይማኖት ጉዳይ ከማያውቀው ሰው ጋር ሲሰዳደብ ያመሻል፤ ደሙ እንደፈላ ይተኛል።

የእነዚህ ሰዎች መድኃኒት አንድ ሊሆን አይችልም። ሰዓቱ ለሚጎዳው ሰው ሰዓት ቆጣሪ ይጠቅመዋል። በሰው ኑሮ የምትብሰለሰለዋን ልጅ ግን ሃያ ደቂቃም ቀኗን ለማበላሸት ይበቃታል። ለእሷ መቀነስ ብቻውን ምንም አያደርግላትም።

የራሳችሁን ለማወቅ ለጥቂት ቀናት አንድ ነገር ሞክሩ። ስልኩን ባስቀመጣችሁ ቁጥር «አሁን ምን ተሰማኝ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። የዘጋችሁት አፕ የትኛው እንደነበርም ልብ በሉ። እናቱን በዋትስአፕ አነጋግሮ የዘጋ ሰውና ቲክቶክ ላይ የላይቭ ባትል ሲያይ አምሽቶ የዘጋ ሰው ስሜታቸው አይገናኝም። መልሱ በወረቀት ቢጻፍ ይመረጣል። ስሜት ቶሎ ይረሳል።

ጨርሶ መተው

ይህ አማራጭ ጉልበት ይጠይቃል፤ የሚሰጠው ግን እውነተኛ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካ ውስጥ ከ2,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት አንድ ጥናት ነበር። ከፊሎቹ ፌስቡካቸውን ለአራት ሳምንት እንዲዘጉ ተደረገ። በቀን አንድ ሰዓት ያህል ተረፋቸው። ከቤተሰብና ከጓደኛ ጋር የሚያሳልፉት ጊዜ ጨመረ። ስሜታቸውም ተሻሻለ፤ ለውጡ ግን ትንሽ ነበር። የወቅቱን ዜና በትክክል የማወቅ ነገራቸው ደግሞ ቀነሰ። ማትረፍም ማጣትም አለበት ማለት ነው።

ወሎ ሳይፈልግ ሶሻል ሚዲያን ትቶ ያውቃል። በ2014 ጦርነቱ ወልድያን፣ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ ስልኩም ኢንተርኔቱም ጠፍቶ ነበር። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለብዙ ወራት ተዘግቶ ቆይቷል። ያን ጊዜ ማንም «አእምሮዬ አረፈልኝ» አላለም። ወንድሙ በሕይወት ይኑር አይኑር ማወቅ ያልቻለ ሰው ምን ዕረፍት አለው? ይህን የማነሳው በምክንያት ነው። ዕረፍት የሚሰጠው መጥፋቱ ራሱ ሳይሆን፣ ወዶ መዝጋትና ዘመድ አዝማድን የሚያገኙበት ሌላ መስመር ክፍት መሆኑ ነው። ስለዚህ መተው የምትፈልጉ ከሆነ መጀመሪያ የቅርብ ሰዎቻችሁን ስልክ ቁጥር ሰብስቡ። «ከዛሬ ጀምሮ በቀጥታ ደውሉልኝ» በሏቸው። የቅሬው (የዕድሩ) መልእክት በቴሌግራም ግሩፕ የሚመጣበት ሰፈር ከሆነ ደግሞ አንድ ጎረቤት እንዲያሳውቃችሁ አደራ በሉ። ለቅሶ ሳይሰሙ መቅረት እኛ ዘንድ ቀላል ነገር አይደለም።

ጨርሶ መተው ለማን ይሆናል? ኮሜንት ላይ መጣላቱን መተው ላቃተው ሰው ይሆናል። ፈተና ለደረሰበት ተማሪም ይሆናል። ሌላው ሰው ቸኩሎ ባይወስነው ጥሩ ነው። ብትወስኑም በዲአክቲቬት ጀምሩ። ፌስቡክ ዲአክቲቬት ሲደረግ ፎቶውም ጓደኛውም ይቀመጣል፤ ሲፈልጉ መመለስ ይቻላል። ዲሊት ከተደረገ ግን 30 ቀን ካለፈ በኋላ አይመለስም። በንዴት ዲሊት አድርገው የሟች አባታቸውን ፎቶ የሚያጡ ሰዎች አሉ።

ለጊዜው ማረፍ

ይህ ለእኛ አገር ሰው የተመቸ ነው። ጾም የለመደ ሕዝብ ነን። ረመዳን አለ፤ ዐቢይ ጾም አለ። መጀመሪያና መጨረሻው የታወቀ ነው፤ ቤተሰቡም አብሮ ይይዘዋል። «እስከ ኢድ ቲክቶክ አልከፍትም» ወይም «እስከ ፋሲካ ፌስቡክ የለም» ያለ ሰው ለጓደኞቹ ማብራራት አይጠበቅበትም። «ጾም ላይ ነኝ» ካለ አለቀ።

አንድ ወርም ላያስፈልግ ይችላል። እንግሊዝ አገር የባዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ጥናት 154 ሰዎች ተሳትፈው ነበር። ለአንድ ሳምንት ብቻ ሶሻል ሚዲያ የተዉት ሰዎች ከቀጠሉት ይልቅ ጭንቀታቸውና የድባቴ ምልክታቸው ቀንሶ ተገኝቷል።

የዚህ አማራጭ ድክመት ከበዓሉ ማግስት ይታያል። ብዙ ሰው ያመለጠውን ሁሉ ለማካካስ ሁለት ቀን ሙሉ ከስልኩ አይነሳም። ሁለተኛው ድክመት ባዶ ሰዓት ነው። የተረፈውን ጊዜ በምን እንደምትሞሉት ካላሰባችሁ እጃችሁ ራሱ ስልኩን ያነሳዋል። ጎረቤት ቡና ሲጠራ መሄድ፣ ጠዋት ጦሳ ተራራ ግርጌ ዞር ዞር ማለት፣ የታመመ መጠየቅ፣ ወዳጃ (የጋራ ዱዓ) ካለ ወዳጃው ጋ መቀመጥ ይቻላል። ይህን ከመጀመሪያው ቀን በፊት ወስኑ።

ማረፍን ከመተው አስበልጣለሁ። ምክንያቴ ዕረፍት ሰውን ስለ ራሱ ያስተምረዋል የሚል ነው። ከሳምንት በኋላ የትኛው አፕ እንደናፈቃችሁ፣ የትኛው ደግሞ ከናካቴው ትዝ እንዳላላችሁ ታውቃላችሁ። ትዝ ያላላችሁን መመለስ አያስፈልግም።

ሰዓት መቀነስ

የወሎ ቡና አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ያልቃል። በረካው ሲጠጣ ምርቃቱ ይደረግና ሰው ወደየሥራው ይነሳል። ቲክቶክና ፌስቡክ ግን በረካ የላቸውም። እንዲህ ሆነው የተሠሩት ታስቦበት ነው። ወደ ታች ሲወርዱ ማለቂያ የሌለውን ገጽ እ.ኤ.አ. በ2006 የሠራው አዛ ራስኪን የሚባል ባለሙያ ነው። በኋላ ራሱ በሥራው መጸጸቱን በአደባባይ ተናግሯል። እንግዲህ ማለቂያውን እኛው ልናበጅለት ነው።

መቀነስ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2018 የፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ 143 ተማሪዎችን አጥንቶ ነበር። ከፊሎቹ ፌስቡክን፣ ኢንስታግራምንና ስናፕቻትን እያንዳንዳቸውን በቀን ለ10 ደቂቃ ብቻ ለሦስት ሳምንት ተጠቀሙ። ብቸኝነታቸውና ድባቴያቸው ቀነሰ። ልብ በሉ፤ ጨርሰው አልተዉም።

ለመቀነስ ሦስት መሣሪያ አለ። እኩል አይደሉም።

የመጀመሪያው ስልኩ ውስጥ ያለው ሰዓት ቆጣሪ ነው። ቴክኖም ሆነ ሳምሰንግ ስልክ ሴቲንግ ውስጥ «ዲጂታል ዌልቢይንግ» የሚል አለው። ለእያንዳንዱ አፕ በቀን ስንት ደቂቃ እንደሚፈቀድ እዚያ ይሞላል። ደቂቃው ሲያልቅ አፑ ይዘጋል። ችግሩ በሁለት ንክኪ መልሶ መክፈት መቻሉ ነው። ለቁርጠኛ ሰው ይጠቅማል። ለደከመና ለደበረው ሰው ግን ደካማ አጥር ነው።

ሁለተኛው የዳታ ጥቅል ነው። ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ሰው ሲያወራ አልሰማም፤ እኔ ግን ከሁሉ የበረታ መሣሪያ ይመስለኛል። ያልተገደበ የወር ጥቅል የገዛ ሰው «ከፍዬበታለሁ፣ ልጠቀምበት» እያለ ይውላል። ትንሽ የቀን ወይም የሳምንት ጥቅል የገዛ ሰው ቪዲዮ ከመክፈቱ በፊት ያስባል። ጥቅሉ ሲያልቅ ነገሩ በራሱ ያቆማል። እንደገና ለመግዛት መነሳትና መክፈል አለ፤ ያቺ ትንሽ ድካም ብዙ ሰው ታስቆማለች። ቢዝነስ ያላችሁ ወይም በኦንላይን የምትማሩ ከሆነ ይህ አይሆንላችሁም፤ ያልተገደበው ያዋጣችኋል። ጊዜ ለመግደል ብቻ የምትጠቀሙ ከሆነ ግን ትንሹን ግዙ። ለኪሳችሁም ለእንቅልፋችሁም ይበጃል።

ከጥቅሎች ሁሉ የሌሊቱን ፍሩት። በርካሽነቱ ሰው ይገዛዋል፤ ከዚያ «እንዳይቃጠልብኝ» ብሎ እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ያፈጣል። ጠዋት ለሱብሂ ወይም ለኪዳን መነሳት ያቅተዋል። ቀኑን ሙሉ ይነጫነጫል። እንቅልፍ ያጣ አእምሮ ትንሹን ነገር ሁሉ ያገዝፋል። ያ ሁሉ ለጥቂት ብር ቁጠባ ነው። ማታ ስልኩን ሌላ ክፍል ቻርጅ ላይ ሰክቶ መተኛትን የሚያህል ምክር የለኝም። ክፍሉ አንድ ብቻ ከሆነ ከአልጋው ርቆ፣ ተነስቶ መሄድ የሚጠይቅ ቦታ ላይ ይሁን። ማንቂያ ደወል ለማግኘት ትንሽዬ የእጅ ሰዓት መግዛት ይቻላል።

ሦስተኛው ኖቲፊኬሽን ነው። ሁሉንም ማጥፋት ጥሩ ይመስላል። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ሙከራ ግን ሌላ ነገር አሳይቷል። ኖቲፊኬሽን በቀን ሦስት ጊዜ ተጠራቅሞ የደረሳቸው ሰዎች ስሜታቸው ተሻለ፤ ከነጭራሹ የተዘጋባቸው ደግሞ «ምን አምልጦኝ ይሆን?» እያሉ ተጨነቁ። ስለዚህ የላይክና የኮሜንቱን ድምፅ አጥፉ። የእናታችሁን ጥሪ ተዉት። ቀሪውን ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ራሳችሁ ገብታችሁ እዩ።

ማጥራት

ለአብዛኛው የወሎ ሰው የሚበጀው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ማጥራት ማለት ሰው ሳይርቁ፣ የሚያቆስለውን ነገር ብቻ ከፊት ማስወገድ ነው።

አንዲት የማውቃቸው እናት አሉ። ልጃቸው ሪያድ ናት። በቤተሰቡ የዋትስአፕ ግሩፕ በየቀኑ ቪዲዮ ይላካል። አረብ አገር የተደበደበች ልጅ፣ ከፎቅ የወደቀች ልጅ፣ ሬሳ። የላኩት ዘመዶች ለክፋት አልነበረም፤ አዝነው ነው የሚልኩት። እሳቸው ግን ልጃቸው አንድ ቀን ስልክ ካላነሳች እህል አይበሉም ነበር። ያቺ የሞተችው የሳቸው ልጅ እየመሰለቻቸው ሌሊቱን ሲገላበጡ ያድራሉ። የልጅ ልጃቸው ሦስት ነገር አደረገላቸው። ዋትስአፑ ቪዲዮ በራሱ እንዳያወርድ ዘጋ። ግሩፑን ሚዩት አድርጎ አርካይቭ ውስጥ ከተተው። ከዚያ ሪያድ ደውሎ «አክስቴ፣ አርብ ከአስር ሰላት በኋላ ቁርጥ ይሁን» ብሎ ቀጠሮ አስያዘ። እሳቸው አሁንም ስልክ ይይዛሉ። አርብ ቡናቸውን አስቀርበው ከልጃቸው ጋር ያወራሉ። ጭንቀታቸው ጨርሶ አልጠፋም፤ የናት ነገር ነው። እህል ግን ይበላሉ።

የጦርነት ምስልም እንዲሁ ነው። ብዙ ሰው «ሕዝቤ እየሞተ እንዴት አላይም?» ይላል። ሐሳቡ የደግ ሰው ነው። ግን ማወቅና ደጋግሞ ማየት ይለያያሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካ ውስጥ የቦስተን ማራቶን ላይ ቦምብ ፈንድቶ ነበር። ተመራማሪዎች በኋላ ሲያጠኑ፣ በሳምንቱ ውስጥ በቀን ስድስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ስለ ፍንዳታው በሚዲያ ሲከታተሉ የሰነበቱ ሰዎች እዚያው ቦታ ከነበሩት እንኳ የባሰ የጭንቀት ምልክት አሳይተዋል። ጦርነቱን በዓይኑ ያየ የወሎ ሰው ደግሞ ቁስሉ ገና አልደረቀም። ያንኑ በስልክ ደግሞ ደጋግሞ ማየት ቁስሉን መነካካት ነው። ወሬ ማወቅ ከፈለጋችሁ የምታምኑትን አንድ ወይም ሁለት ምንጭ ምረጡ። ከተቻለ የሚነበብ ይሁን፤ ቪዲዮው ይቅር። በቀን አንዴ፣ ከመኝታ ሰዓት ርቆ ይሁን።

ሦስተኛው ማጥራት የሚያስፈልገው ጉዳይ የአረብ አገር ቲክቶክ ነው። ይህ ለእኛ ቀልድ አይደለም። በወርቅና በሚያብረቀርቅ ቤት ቪዲዮ ልባቸው ተነስቶ፣ ከባቲ ወደ አፋር፣ ከዚያ ጅቡቲ ውስጥ ወዳለችው ኦቦክ ብለው ባሕር የሚገቡ ልጆች አሉ። ቪዲዮው ላይ የደላላው ዕዳ አይታይም። ፓስፖርት የተቀማችው ልጅ አትታይም። ቤቱም የአሠሪዋ ሊሆን ይችላል። ታናሽ እህት ያላችሁ ሰዎች «አትይ» ብቻ አትበሏት። አብራችሁ እዩና ያልታየውን ንገሯት። አረብ አገር ቆይታ የተመለሰች ዘመድ ካለች አገናኟት።

ሥራው እንዲህ ነው። ቲክቶክ ላይ የማትፈልጉትን ቪዲዮ ጣታችሁን አቆይታችሁ ተጫኑና «ኖት ኢንተረስትድ» በሉ። ፊዱ ከነአካቴው ከተበላሸ ሴቲንግ ውስጥ «ሪፍሬሽ» የሚል አለ፤ እንደ አዲስ ያስጀምራችኋል። ፌስቡክ ላይ የሚያናድዳችሁን ዘመድ አንፍሬንድ ማድረግ ጠብ ያመጣል። «ስኑዝ» አድርጉት፤ ለ30 ቀን ከፊታችሁ ይጠፋል፣ እሱም አያውቅም። ካልተሻለው «አንፎሎው» አድርጉት፤ ጓደኝነቱ እንዳለ ነው። ቴሌግራም ላይ ቻናሉን ሚዩት ማድረግ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ዩቲዩብ ላይ የእይታ ታሪክን አጥፍታችሁ ከዘጋችሁት የፊት ገጹ የሚያባብሉ ቪዲዮዎችን ማቅረብ ያቆማል፤ የፈለጋችሁትን ፈልጋችሁ ትከፍታላችሁ።

የማጥራት ድክመት አንድ ነው። ቶሎ ይቆሽሻል። በየወሩ መመለስ ያስፈልጋል።

አፕ ከአፕ ቢነጻጸር

የግድ ጥቂቱን ብቻ መርጣችሁ መያዝ ካለባችሁ ኢሞንና ዋትስአፕን ያዙ። ሰው ከሚያውቀው ሰው ጋር የሚነጋገርባቸው ናቸው። ከወዳጅ ጋር ማውራትና የማያውቁትን ሰው ኑሮ ዝም ብሎ ማየት ለአእምሮ አንድ አይደሉም። ቀጥሎ ቴሌግራም ይመጣል፤ የመረጣችሁትን ቻናል በቅደም ተከተል ያሳያል እንጂ ስሜታችሁን እያጠና አያቀርብም። ግን ያልተጣራ ወሬና ዘግናኝ ፎቶ የሚሞላውም እሱ ነው። ፌስቡክ ለለቅሶና ለሠርግ ዜና ጥሩ ነው፤ ኮሜንቱ ግን የጠብ ሜዳ ነው። አታንብቡት። ቲክቶክ ሙያ ሊያስተምርም ሊያስቅም ይችላል፤ ሰዓት በመብላት ግን የሚደርስበት የለም። ራሱን መግዛት ያቃተው ሰው መጀመሪያ ቲክቶክን ከስልኩ ያጥፋ።

ለልጆች ነገሩ ጠበቅ ይበል። ቲክቶክም ፌስቡክም ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይፈቅዱም። ዕድሜ ዋሽቶ የተከፈተ አካውንት ካለ መዝጋት የወላጅ ፋንታ ነው። ቲክቶክ ከ18 በታች ላሉት በቀን 60 ደቂቃ ብሎ ይጀምራል፤ ልጁ ዕድሜውን በትክክል ካልሞላ ግን ያ ገደብ አይሠራም። ወላጅ ራሱ ማዕድ ላይ ስልክ እየነካካ ልጁን ቢቆጣ ደግሞ ማንም አይሰማውም።

ይህ ሁሉ ካልበቃ

ሞክራችሁም ሐዘኑ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቀጠለ፣ የምትወዱት ነገር ሁሉ ካስጠላችሁ፣ እንቅልፍና ምግብ ከዘጋችሁ ነገሩ ከስልክ አልፏል። ለቅርብ ሰው ተናገሩ፤ ሐኪም ዘንድም ሂዱ። መሞትን የመመኘት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ቀን አትቁጠሩ፤ ያኑ ቀን ሂዱ፣ ብቻችሁንም አትሁኑ። ደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ሩቅ ከሆናችሁ በቅርባችሁ ካለው ጤና ጣቢያ ጀምሩ፤ ሪፈር ይጽፉላችኋል። ጸበሉም ዱዓውም ይቀጥል፤ ከሕክምናው ጋር አይጣላም። ሐኪሙ ዘንድ ስትገቡ ሌሊት ስንት ሰዓት ስልክ ላይ እንደምታመሹና ምን ስታዩ እንደሚብስባችሁ ሳትጠየቁ ተናገሩ። ያንን ስሜታችሁን የጻፋችሁበትን ወረቀት ይዛችሁ ብትገቡ ደግሞ ለሐኪሙም ሥራ ያቀላል።